የጊንጪው ልብስ ሰፊና አለማየሁ እሸቴ

ባለፈው ጥቅምት ወር ከቢሮ ወጥቼ፣ በአምቦ ከተማ ከሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ብዙም ከማይርቅ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ በአጠገቤ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች በስልካቸው የቆየ ዘፈን ከፍተው ይሰሙ ነበር። አንደኛው፦ «ይህ ሰው እኮ የኢትዮጵያ ኤልቪስ ይባል ነበር» አለ። ጓደኛውም ጥቂት አሰብ አድርጎ፦ «ኤልቪስ ደግሞ ማን ነው?» ሲል ጠየቀው። ያም መልስ አጣ፤ ሁለቱም ሣቁ፤ ዘፈኑም አለቀና ወደ ሌላ ጨዋታ ዞሩ።

እኔ ሒሳቤን ከፍዬ ብወጣም ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ። አንድን ሰው በሌላ ሰው ስም እየጠሩ ማክበር እንዲህ ያለ ጣጣ አለው። ስም ያዋሰው የተረሳ እንደ ሆነ ተዋሹም አብሮት ይረሳል። አለማየሁ እሸቴ ግን በተውሶ ስም የሚታወስ ሰው አይደለም፤ ቢያንስ በእኛ ቤት አይደለም። ስለ ዘፋኝ መጻፍ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሥራ ነውን? የሚለኝ ባልደረባ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እጽፋለሁ።

አምቦ ላይ ሆኖ ስለ ዘፋኝ ለሚያወራ ሰው አስቀድሞ የሚነሣው ስም የአለማየሁ አይደለም። የአምቦ ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተገደለ ጊዜ ከተማችን ያለቀሰችውን ልቅሶ ያየ ሰው፣ በዚህች ከተማ ሌላ ዘፋኝ ሲያነሣ ጥቂት ያፍራል። ከዚህም ሌላ ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለዱት እዚሁ አጠገባችን በቦዳ ነው፤ ጥላሁን ገሠሠም ያደገው በወሊሶ ነው። ስለዚህ ምዕራብ ሸዋ የራሱ ሰው አጥቶ ከአዲስ አበባ ተበደረ እንዳይባልብኝ። እኔ ስለ አለማየሁ የምጽፍበት ምክንያት አባቴ ናቸው።

አባቴ በጊንጪ ከተማ ልብስ ሰፊ ናቸው። በወጣትነታቸው፣ ይኸውም በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ ሄደው በመርካቶ ከአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያ ተምረዋል። ከዚያ ዘመን ይዘውት የተመለሱት አንድ ሲንጀር የስፌት መኪናና ስለ አለማየሁ እሸቴ ሱሪ የማያልቅ ወሬ ነው። ሌላው ሰው ዘፋኙን በድምፁ ሲያውቀው አባቴ በሱሪው ያውቁታል። ጭኑ ላይ ጥብቅ ብሎ ከጉልበት በታች እንደ ደወል የሚሰፋውን ቤል ቦተም ሊያሰፋ የሚመጣ ጎረምሳ ሁሉ፣ «እንደ አለማየሁ አድርግልኝ» ይል ነበር ይላሉ። ሽማግሌው አስተማሪያቸውም ለአንድ ሱሪ እግር የሚባክነውን ጨርቅ እያዩ፣ በዚህ ጨርቅ ለልጅ ቁምጣ ይወጣው ነበር እያሉ ያዝኑ ነበር። አባቴ ይህን ሲተርኩ በጠመኔ የያዙትን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ስፋቱን በእጃቸው ይለኩልን ነበር።

አሁን ወደዚያ ተማሪ ጥያቄ ልመለስ። ኤልቪስ ፕሬስሊ በ1927 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በሚሲሲፒ ግዛት፣ ቱፔሎ በምትባል ከተማ፣ አባቱ በገዛ እጃቸው ባሠሯት ሁለት ክፍል ባላት ጎጆ ተወለደ። ድሆች ነበሩ። ካደገ በኋላ በሜምፊስ ከተማ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ሰኔ 28 ቀን 1946 ዓ.ም. ሳም ፊሊፕስ በሚባል ሰው አነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ ከሁለት ሙዚቀኞች ጋር ገባ። ስኮቲ ሙር የኤሌክትሪክ ጊታር ይመታል፤ ቢል ብላክ ቆሞ የሚመታውን ትልቁን ቤዝ ይዟል። ከበሮ መቺ አልነበራቸውም። ቢል ብላክ ግን የቤዙን አውታር ጎተት አድርጎ ሲለቀው አውታሩ ከእንጨቱ ጋር እየተላጋ የከበሮን ሥራ ይሠራ ነበር። በዚያ ሌሊት የወጣው ድምፅ ሮካቢሊ ለሚባለው ሙዚቃ እንደ ልደት ይቆጠራል።

ሮካቢሊ የሚለው ስም ከሁለት ቃላት የተገጣጠመ ነው። አንደኛው ሮክ የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ የከተማው ሰው በተራራማው ገጠር የሚኖረውን ድኻ ነጭ የሚንቅበት ቃል ነው፤ በእኛ አፍ «ባላገር» ተብሎ በንቀት እንደሚነገረው ያለ ነው። ያ ባላገር የራሱን የገጠር ዘፈን ከጥቁሮች ብሉዝ ጋር በአንድ ድስት ቀቀለው፤ ከድስቱ የወጣው መላውን ዓለም አስጨፈረ። እንግዲህ ኤልቪስ የሚታወቅበት የተለጠፈ ጠጕር፣ የተገለበጠ ኮሌታና የወገብ ውዝዋዜ ኋላ የመጣ ጌጥ ነው። ሥሩ የድኻ ሰው ዘፈን ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲያኖርልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

ይህ ሙዚቃ እኛ ዘንድ ለመድረስ ብዙ ዓመት አልፈጀበትም። በአሥመራ ቃኘው ሰፈር የነበረው የአሜሪካ ጦር በራሱ ሬዲዮ የአገሩን ዘፈን ያሰማ ነበር። የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የኤልቪስን ፊልሞች ያሳዩ ነበር። ከ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ደግሞ የሰላም ጓድ የተባሉት ወጣት አሜሪካውያን መምህራን በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች ተሰማሩ፤ ከመጽሐፋቸው ጋር ሸክላና ጊታር ይዘው የመጡ ነበሩባቸው።

አለማየሁ እሸቴ በ1933 ዓ.ም. የተወለደ ስለ ሆነ ይህ ሁሉ ሲመጣ ትክክለኛው ዕድሜ ላይ ነበር። የፊልም ፍቅሩ እጅግ የበረታ ከመሆኑ የተነሣ፣ ራሱ እንደ ተረከው፣ ሆሊዉድ ገብቶ ተዋናይ ለመሆን ከቤቱ ጠፍቶ ወደ ቀይ ባሕር ወደብ አምርቶ ነበር። መርከቡ ሳይገኝ ልጁ ተገኘና ወደ ቤቱ ተመለሰ። አባቴ ይህን የመጥፋት ታሪክ የሰሙት ከእኔ ነው፤ ሲሰሙም፦ «አየህ፣ ቢሄድ ኖሮ ያን ሱሪ ማን ያሳየን ነበር?» አሉኝ።

ሆሊዉድ የቀረበት ልጅ በፖሊስ ኦርኬስትራ ዘፋኝ ሆነ። በዚያ ዘመን ዘመናዊ ሙዚቃ ከመንግሥት እጅ የወጣ አልነበረም። መሠረቱ በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የማርሽ ባንድ ነው። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተከተሉ። ትሮምፔትና ሳክስፎን የሚነፋው ሰው የደንብ ልብስ የለበሰና በወር ደመወዝ የሚያድር ነበረ። ይህን ባሰብሁ ቍጥር ደስ ይለኛል፤ ያ ሁሉ ዳንስና ጩኸት የተወለደው እንደ እኛው ባለ መሥሪያ ቤት፣ የፈቃድ ወረቀትና የመገኛ ፊርማ ባለበት ቤት ነውና።

በመጀመሪያ አለማየሁ የሚዘፍነው የኤልቪስን ዘፈን፣ ያውም በእንግሊዝኛ ነበር። ጠጕሩን አሳደገ፤ እንደ አሜሪካዊ ለበሰ። ኋላም ለጠያቂዎች ሲናገር፣ አንድም ሳይሸሽግ፣ እንደዚያ ሆኖ ሲቀዳ እንደ ነበረና ስሙ የገነነው ግን በአማርኛ መዝፈን ከጀመረ ጊዜ አንሥቶ መሆኑን መስክሯል። ይህ ምስክርነት በእኔ ዘንድ ትልቅ ዋጋ አለው። መቅዳትን የሚክድ አርቲስት ብዙ ነው። እርሱ ግን ቀድቻለሁ አለ፤ ቀድቶም አልቀረም። እንደ ጀምስ ብራውን የሚጮኸውን ጩኸት፣ ቃሉን ቈርጦ የሚወረውርበትን አወራወር፣ የባንዱን የነሐስ ድምፅ ሁሉ ይዞ ወደ አማርኛ ገባ። በዚህም ሥራ አብሮት የደከመው የዜማ ደራሲ፣ ሙዚቃ አቀናባሪና ፒያኖ መቺ ግርማ በየነ ነው፤ ሁለቱ በስማቸው ዓለም ግርማ ባንድ የተባለውን ቡድን እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። ግርማ ለሌሎች ብዙ ሲሠራ ራሱ ዘፍኖ ያስቀረጸው አራት ዘፈን ብቻ ነው። ከመጋረጃው በስተኋላ ያለ ሰው ዕጣው ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

ሸክላ ማሳተምም ቀላል ነገር አልነበረም። መብቱ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ስለ ነበር፣ አምሃ እሸቴ የተባለው ገና ወጣት የሆነ የሙዚቃ ቤት ባለቤት በፈረንጆች 1969 ደንቡን ተላልፎ ሸክላ ማሳተም በጀመረ ጊዜ፣ ይታሰራል ብለው የሰጉለት ብዙዎች ነበሩ። በመጀመሪያ ያሳተመው የአለማየሁን ዘፈን ነው። የስም መመሳሰል አያሳስት፤ ወንድማማቾች አይደሉም። ከዚያ ወዲያ እስከ 1967 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አለማየሁ ሠላሳ ያህል ሸክላዎች አወጣ።

ከእነዚህ የሸክላው ዘመን ዘፈኖቹ ሁሉ በሕዝብ ልብ የቀረው «ተማር ልጄ» ነው። ሀብትም ዘመድም የሌለው አባት ልጁን አስቀምጦ ከትምህርት በቀር የማወርስህ የለኝም ብሎ የሚመክርበት ዘፈን ነው። ቀደም ብዬ እመለስበታለሁ ያልሁት እዚህ ነው። አለማየሁን የአገራችን ኤልቪስ ያሰኘው ጠጕሩና ልብሱ ነው ይባላል። እኔ ግን ወደዚያ ሙዚቃ ሥር በእውነት የደረሰው ጠጕሩን ባሳደገ ጊዜ አይመስለኝም። ከሁለት ክፍል ጎጆ የወጣው የቱፔሎ ልጅ የሚያውቀውን ድኽነት፣ በእኛ አገር አባት አፍ አድርጎ በዘፈነ ጊዜ ነው። ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም፤ አንዱማ፦ «እርሱ የሮክ ዘፈን ሳይሆን የወላጅ ኮሚቴ ስብሰባ ነው» ብሎ አስቆኛል።

በእኛ ቤት ይህ ዘፈን የሰዓት ደወል ነበር። አባቴ ካሴቱን የገዙት እኔ አንደኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ነው። ማታ ማታ የመኪናው ድምፅ ጋብ ሲል፣ ኩራዙ ተለኵሶ እኔ ደብተሬን ስዘረጋ፣ አባቴ ቴፑን ይከፍቱታል። ሌላ ምክር አልሰጡኝም። እርሳቸው ራሳቸው ከአራተኛ ክፍል ያለፉ ስላልሆኑ፣ በትምህርቴ ነገር የሚናገሩት የሌላቸው መስሏቸው ንግግሩን ለአለማየሁ ትተውለት ነበር። እኔም ዘፈኑን ከልቤ እወደው ነበር። የካሴቱ ክር በወጣ ቍጥር በእርሳስ እየጠመጠምሁ የምመልሰው እኔ ነበርሁ።

በ1999 ዓ.ም. በአምቦ የመሰናዶ ትምህርቴን ፈጽሜ ፈተናውን ወሰድሁ። ውጤቱ ሲመጣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ አልሆነም። ያን ቀን ጊንጪ ስደርስ ማታ ሆኖ ነበር። አባቴ መኪናው ላይ ነበሩ። «እንዴት ሆነ?» አሉኝ። «አልገባልኝም አባባ» አልኋቸው። የያዙትን ስፌት እስከ ጫፉ አደረሱ፤ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ፤ ልብሱንም ካጠፉ በኋላ፦ «እራትህን ብላ» አሉኝ። ከዚያ በቀር ምንም አልተናገሩም። በማግሥቱ ግን ካሴቱ ከመደርደሪያው ላይ አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት በአምቦ በመዝገብ ቤት ተቀጠርሁ። ፋይል መቀበል፣ ቍጥር መስጠት፣ ሲጠየቅ ማውጣት፣ ሲመለስ ማስቀመጥ፤ ሥራው ይኸው ነው፤ አላፍርበትም። ያ ዘፈን በአውቶቡስ ወይም በቡና ቤት በሬዲዮ በተሰማ ቍጥር ግን ተነሥቼ እወጣ ነበር። ለሆነለት ልጅ ምርቃት ነው፤ ለእኔ የዕዳ ወረቀት ነበረ። ካሴቱን አባቴ በቍጣ ሰብረው የጣሉት መስሎኝ ነበር። እርሳቸውም አላነሡልኝ፤ እኔም አልጠየቅሁ። እንዲህ እያልን አሥራ አራት ዓመት አለፈ።

በእነዚያ ዓመታት በሬዲዮ የማልሰማውን ሰው ታሪኩን ማንበብ ጀመርሁ። የሰው ልብ እንዲህ ነው፤ ድምፁን እየሸሸሁ ኑሮውን እከታተል ነበር። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በሰዓት እላፊ ምክንያት የአዲስ አበባ ሌሊት ተዘጋ። ማታ በሙዚቃ የሚተዳደር ሰው ሌሊቱ ከተወሰደበት ምን ይቀረዋል? አምሃ እሸቴ አገር ለቅቆ ወጣ። ግርማ በየነም በ1974 ዓ.ም. ገደማ ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ እንደ ሄደ በዚያው ቀረ፤ ያ ሁሉ ዜማ የወጣው ጣት ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ከተማ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ለመኪና ቤንዚን ሲቀዳ ኖረ። ኤልቪስም ነሐሴ 10 ቀን 1969 ዓ.ም. በአርባ ሁለት ዓመቱ ሞቶ ነበር። አለማየሁ ግን በአገሩ ቀረ፤ ዘመኑ የፈቀደውን ያህል እየዘፈነ ኖረ።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የዚያን ዘመን ሸክላዎች እያሰባሰበ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በሲዲ ማውጣት ሲጀምር፣ አንዱ ሙሉ ቅጽ የአለማየሁ ብቻ ሆነ። በ2000 ዓ.ም. ክረምት ከማሕሙድ አሕመድ ጋር በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሊንከን ሴንተር በሚባለው ታላቅ የኪነ ጥበብ ማእከል፣ የአሜሪካ ባንድ አጅቦት ዘፈነ። ሊሄድ ጠፍቶ የተያዘበት አገር ወረፋ ይዞ ሊሰማው መጣ፤ የዘፈነላቸውም በአማርኛ ነው። ግርማ በየነም ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በ2009 ዓ.ም. ከፈረንሳዮቹ ከአካሌ ውቤ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አወጣ።

አለማየሁ እሸቴ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰማንያ ዓመቱ ዐረፈ። በማግሥቱ ዓርብ ከቢሯችን ጥበቃ ሬዲዮ ውስጥ «ተማር ልጄ» ከጧት ጀምሮ ሲደጋገም ዋለ። የመዝገብ ቤት መስኮት ከጥበቃው ቤት ጋር ፊት ለፊት ስለ ሆነ መሸሻ አልነበረኝም። ፋይል ይዤ ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ከዚያ ስልኬን አንሥቼ አባቴ ዘንድ ደወልሁ።

«ሰሙ ወይ አባባ?»

«ሰማሁ። ነፍስ ይማር። የሱሪውን እግር 32 ሳንቲም ያደረሰው እርሱ ነበር።»

ቅዳሜ ጊንጪ ወረድሁ። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ የጊንጪ ጥቁር አፈር ጫማ ይዞ አልለቅም ይል ነበር። አባቴ መኪናቸው ላይ አልነበሩም። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰፋው የሠፈር ልጅ ነው። እርሳቸው የቍልፍ መሳቢያውን ከጠረጴዛው አውጥተው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይፈልጉ ነበር። ከክርና ከዚፕ ሥር፣ በሱፍ ቍራጭ የተጠቀለለ ካሴት አወጡ። ሽፋኑ ቢሰነጠቅም እርሱው ነበር።

«ይኼን ሰብረውት የጣሉት መስሎኝ» አልኋቸው።

አባቴ ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ ካሴቱን በእጃቸው እያገላበጡ፦ «ምን ብዬ እሰብረዋለሁ? ያን ጊዜ እርሱን ብከፍተው ስድብ ይመስልብሃል ብዬ አነሣሁት። ኋላ ደግሞ እንዴት አድርጌ እንደምመልሰው ጠፋኝ» አሉ።

የምመልሰው ቃል አጣሁ። ክሩ ወጥቶ ተጣጥፎ ስለ ነበር፣ ከሚሰፋው ልጅ ጆሮ ላይ እርሳሱን ተቀብዬ እንደ ልጅነቴ ቀስ እያልሁ ጠመጠምሁት። ቴፑ በድንጋይ ይሠራል ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ አባቴ አራት አዲስ ባትሪ ከኪሳቸው አወጡ፤ ጧት ተነሥተው ገዝተው ኖሯል። ከፈትሁት። መጀመሪያ ሹክሹክታ፣ ከዚያ የነሐሱ ድምፅ፣ ከዚያ አለማየሁ አንድ የፍቅር ዘፈን ይዞ መጣ። ሦስታችንም ዝም ብለን ሰማን፤ ልጁም መኪናውን አቆመ። ዘፈኑ ሲያልቅ ሌላ የፍቅር ዘፈን ቀጠለ።

አባቴ እጃቸውን አነሡና፦ «ይኼኛው ፊት አይደለም፤ ገልብጠው» አሉኝ።